ዘንዶዎቹ ላይ ያረፈው ማኅተም

ጋሽ ዘርዓብሩክ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩና ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ የውቤ በረሃ ሰው ናቸው። በእጃቸው ያለፈ ደብዳቤ ጠፍቶ አያውቅም። ኩራታቸው ይህ ነው፤ ሌላ ብዙ ኩራት የላቸውም።

አንድ ነውር ግን አለባቸው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነውር።

በወጣትነታቸው ኦሳካ ከሚኖሩ ሞሪታ ከሚባሉ ሰው ጋር ቴምብር ይለዋወጡ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ሞሪታ "አይተህ መልስልኝ" ብለው አንዲት ቴምብር በአደራ ላኩላቸው። ጃፓን መጀመሪያ ካተመቻቸው አንዷ ነበረች፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ በሦስተኛው ዓመት! ሁለት ዘንዶዎች ፊት ለፊት ተፋጠውባታል። ዙሪያዋ ጥርስ የለውም፣ ጀርባዋ ሙጫ የለውም፣ ያገሯ ስም እንኳ አልተጻፈባትም። መዳብ ላይ አንድ በአንድ በእጅ ስለተቀረጹ፣ ባንድ ሉህ ካሉት አርባዎቹ አንዷ ሌላዋን አትመስልም።

ዘርዓብሩክ ፖስታውን የከፈቱት ሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ቴምብሯን አጠገባቸው አኑረው ሲደነቁ አለቃቸው ብቅ አለ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ግራ እጅ ይስባል፣ ቀኝ እጅ ይመታል። ያልተመታ ቴምብር አያልፍም፤ የሙያው ሕግ ነው። ሕጉን ደግሞ ከራሳቸው ይልቅ እጃቸው ያውቀው ነበር። ኳ! "አዲስ አበባ" የሚል ጥቁር ክብ ሁለቱ ዘንዶዎች መሃል አረፈ።

አልመለሷትም። አልጻፉምም። ሞሪታ ግን፣ ይገርማል፣ በያመቱ የዘመን መለወጫ ካርድ መላካቸውን አላቋረጡም፤ ስለ ዘንዶዎቹም አንድ ቃል አላነሡም። ዘንድሮ በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት "ዓይኔ ሳይጠፋ ዘንዶዎቼን አንዴ ባያቸው" የሚል መጣ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ቴምብሯን ይዘው ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ወዳጃቸው ካሊድ ዘንድ ሄዱ። ካሊድ በማጉያ መነጽሩ አያት።

"ጋሼ፣ ወርቅ ብትሆን አቅልጬ እንደገና እሠራልዎት ነበር። ወረቀት እንዴት ይቀልጣል?"

"ቀለሙ አይለቅም?"

"ዘንዶዎቹም አብረው ይለቃሉ። ምን አስጨነቀዎት? ያኔውኑ ልኬልዎት መንገድ ላይ ጠፋች ይበሏቸው። ፖስታ አይጠፋም እንዴ?"

"በኔ እጅ አልጠፋም!"

ቀለበት ሲመርጡ የነበሩ እጮኛሞች ዞረው አዩ።

"ለካ ዘንዶው እርስዎ ነዎት!" አለ ካሊድ እጆቹን አንሥቶ።

አማላይ ውሸት ነበር። ሽማግሌውን ሞሪታን ያሳርፋል፣ እሳቸውንም ያሳርፋል። ግን በዚያች አንዲት ውሸት ሠላሳ አራቱ ዓመት አብሮ ሊጠፋ ነው።

በማግሥቱ ጻፉ፦ "አልጠፋችም። የመታኋት እኔ ነኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ።" ቴምብሯን በስስ ወረቀት ጠቅልለው ከደብዳቤው ጋር አሸጉና ወደ ፖስታ ቤት ወረዱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት፣ ሜላት፣ ፖስታውን መዝግባ ማኅተሙን ስታነሣ ሳያስቡት እጃቸውን ዘረጉ።

"ኧረ ጋሼ! ጣትዎን ልመታው እኮ ነበር!"

"ዳር ዳሩን፣ ልጄ። ውስጡ አደራ አለ።"

"ደብዳቤ ደግሞ ማኅተም ይፈራል?"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ኳ! ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ከፒያሳ ቁልቁል ወርደው የፖስታ ሣጥናቸውን ይከፍታሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰድደው የሣጥኑን ግድግዳ ይዳስሳሉ፤ የሞሪታ መልስ አንድ ጥግ ተጣብቆ የቀረ ይመስላቸዋል።