የኔታ ያልሰሙት ድምፅ

ወረታ ውስጥ የመኪና ድምፅ ማጫወቻ መግጠም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሱቄ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በጩኸት መሀል ድምፅ ስፈትሽ እውላለሁ። ብዙ ሥራ ረስቻለሁ፤ የአንድ ሚኒባስ ሥራ ግን አልረሳሁም።

ባለ ሚኒባሱ ከወረታ አንበሳሜ የሚመላለስ ሾፌር ነው። የመኪናው ድምፅ ታፍኖበት አዲስ ስፒከር ሊያስገጥም መጣ። አባቱን ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው ነበር። በፎገራ ሜዳ ካሉት ደብሮች በአንዱ አቋቋም፣ ዜማውን ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር፣ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ በአካባቢው ካሉት ዲያቆናት ከእሳቸው ያልተማረ ጥቂት ነው። እኔም እንደ ሁሉም ሰው የኔታ እላቸዋለሁ።

ያመጣው ስፒከር ባለ ሁለት ክፍል ነው። ትልቁ በር ላይ ይገባል፤ ትንሿ ከመስታወቱ ጥግ ትቀመጣለች። በሁለቱ መካከል ክሮስኦቨር የሚባል ሳጥን አለ፤ የመጣለትን ድምፅ ተቀብሎ ወፍራሙን ወደ ትልቁ፣ ቀጭኑን ወደ ትንሿ ይልካል። ሽቦው ከተሳሳተ ወፍራሙ ድምፅ ትንሿን ያቃጥላታል። ስለዚህ አንዱን ካንዱ ለይቼ ሳልሞክር በሩን አልዘጋም።

መሞከሪያ ብጠይቀው ልጅየው ፍላሽ ሰካልኝ። ባለፈው ንግሥ በየኔታ ደብር የተቀዳ ማኅሌት ነው። የሽቦውን ጫፍ ልጬ መጀመሪያ ትንሿን ብቻ አገናኘሁ። ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምነው አጠፋኸው?» አሉ የኔታ።

«አላጠፋሁትም የኔታ፤ እየሠራ ነው።»

የምቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ልጃቸው ግን አልሳቀም፤ ድምፁን ከፍ አደረገው። የኔታ ፊቱን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ትንሿ ስፒከር ላይ ለጠፉ፤ እንዲያ እንዳሉ ቆዩ።

«ምን ይላል?»

«ጸናጽል ነው፣ አባ።»

ቀና አሉና መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ትልቁን ክፈተው» አሉኝ። ከበሮውና የሊቃውንቱ ወፍራም ድምፅ በሩን ሲያንቀጠቅጠው «ይኸን እሰማለሁ» አሉ። ስለ ሳጥኑ ሥራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ሴቶች ሲያናግሩኝ የሚያንሾካሹኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን ከጎኔ የሚቆመውን ዲያቆን ጸናጽሉን ያፍናል ብዬ በሰው ፊት ከማኅሌት አላስወጣሁትም?»

«አስወጥተውታል፣ አባ።»

«ለእናንተ ይሰማችሁ ነበር?»

ልጅየው ዓይኑን መሪው ላይ ተከለ። «ይሰማን ነበር» አለ። «ያልተናገርነው እርስዎ ካሉ ብለን ነው።»

«ወደሱ ውሰደኝ።»

በሩን ገጥሜ ስጨርስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ የገጠምኩትን መንገድ ላይ መስማት ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን ማጫወቻውን የከፈተ አልነበረም። ዲያቆኑን ከሰዎች ጋር ሩዝ ሲያጭድ አገኘነው። ከማኅሌት ከወጣ ወዲህ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ አስቀድሶ እንደሚመለስ ልጅየው በመንገድ ነግሮኛል። የኔታ ልጃቸውን ተደግፈው በማሳው ድንበር ላይ ሲመጡ ሲያያቸው ማጭዱን ጥሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ። ትከሻውን ይዘው አቆሙት።

«ጥፋቱ የጆሮዬ ነበር» አሉት። «አንተ ደህና አድርገህ ይዘኸው ኖሯል። በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ዲያቆኑ አለቀሰ። «የኔታ፣ እኔኮ እጄ የማይረባ ነው ብዬ አምኜ ነበር» አለ።

የኔታ እጁን ይዘው ቆሙ። አጫጆቹም ሥራቸውን ትተው ቀረብ አሉ።

ባሕር ዳር ሐኪም አይቷቸው ቀጭኑ ድምፅ እንደማይመለስ ነገራቸው። የተሰጣቸውን የጆሮ መስሚያ ጥቂት ጊዜ አደረጉትና ጩኸት ብቻ ነው የጨመረብኝ ብለው ተዉት። በሚቀጥለው ንግሥ ሕዝቡ ሳይበተን በማሳው ያሉትን ደገሙት። ዲያቆኑ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ ብዙ ተለምኖ ነው የመጣው። አሁን ተማሪዎቹ ጸናጽል ሲያጠኑ ከየኔታ ጎን ይቀመጣል። አንዱ በጨረሰ ቁጥር የኔታ ወደሱ ዘወር ብለው ጸናጽሉ እንዴት እንደወጣ ይጠይቁታል፤ የነገራቸውን ሰምተው ተማሪውን ያርማሉ።