ሐረገወይን የዘጋችው ቫልቭ

ቁስቋም ሰፈር የቧንቧ ዕቃ የምሸጠው እኔ ነኝ። አላምረውን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ከደንቢያ፣ ከኮላ ድባ፣ አንድ ጋቢ ለብሶ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎንደርን ቧንቧ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ በእጁ ሙያ ሰው የሆነ ነው። ቱቦ ሲገዛ መጀመሪያ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ያሸተዋል፣ በመጨረሻ ጥርሱን ያሳርፍበታል። ሸጋ ነው ካለ ሸጋ ነው፤ እኔም አልከራከረውም። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ ተሳስቻለሁ ማለት አይችልም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "የአላምረው ስህተት ሁልጊዜ የዕቃው ነው" እያለች ትስቅበት ነበር።

ልጁ ሐረገወይን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በቧንቧ ሥራ ተመረቀች። ሴት ልጅ መፍቻ ይዛ ሰው ቤት ልትገባ ነው ሲባል ሰፈሩ ከንፈሩን መጠጠ። ሁለት ዓመት ከአባቷ ኋላ ዕቃ ተሸክማ ዞረች፤ ለራሷ ሥራ የሚሰጣት ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ኤሌኒ "ይህን ሥራ የምሰጠው ለአንቺ ነው" አለቻት። ሱቄ ገብታ ስትነግረኝ እንባዋ መጣ።

"ይኼ ካማረልኝ ሌላው ራሱ ይጠራኛል" አለችኝ። ካላማረላት ሁለተኛ የሚጠራት እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሥራው አዲስ ፍሪጅ ነው፤ በሩ ላይ ብርጭቆ ሲያስጠጉለት ውኃ የሚቀዳ፣ በረዶም ራሱ የሚሠራ። ከግድግዳው ቧንቧ እስከ ፍሪጁ ጀርባ ቀጭን ቱቦ ይፈልጋል። ሐረገወይን የመረጠችው ውጭው በማይዝግ ሽቦ የተጠለፈውን ነው። እኔ ዘንድ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ያለኝ ነጭ ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

ኤሌኒ ግን በዚያ እሑድ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነው፤ እንግዳም ጠርታለች። አላምረው ልጄን ላግዛት ብሎ አብሯት ሄዶ፣ ኤሌኒ ፊት፣ "ምነው ሰው ሳምንት ሙሉ ታስጠብቂያለሽ? ፕላስቲኩ ይበቃል" አላት።

"አባዬ፣ ውኃው በፈረቃ ነው። አሥራ አምስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ አየር እየገፋ ነው የሚመጣው። ፕላስቲክ አይችለውም።"

"እኔ ቧንቧ የያዝኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።"

በሰው ፊት አባቷን አትከራከርም፤ እንደዚያ አላሳደጋትም። ፕላስቲኩን ከእኔ ገዙ። ያን ዕለት አላምረው አላጠፈም፣ አላሸተተም፤ ብቻ አንሥቶ ወጣ። ሐረገወይን ገጠመችው፤ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቫልቭ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ለኤሌኒ "እትዬ፣ ዘግቼዋለሁ፤ ውኃ ሲመጣ ይደውሉልኝ፤ ራሴ መጥቼ ቀስ አድርጌ እከፍተዋለሁ" አለቻት።

በዚህ ከተማ ውኃ ሲጠፋ ቧንቧ የሚዘጋ የለም። ከፍተን እንተወዋለን፤ ሲመጣ ድምፁን ሰምተን ጄሪካን ይዘን እንሮጣለን። ሐረገወይን ከኤሌኒ ጋር ወደ በር ስትወጣ አላምረው ኋላ ቀረና ቫልቩን መልሶ ከፈተው። ማንም አላየውም። "ለክርስትናው ዕለት ፍሪጁ ራሱ ሞልቶ ይቆያቸው ብዬ ነው" አለኝ በኋላ። የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ውኃው መጣ። ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቤት የቀሩት የኤሌኒ እናት ወይዘሮ ይመኙሽ ብቻ ናቸው። ቱቦው ፈነዳ። እሳቸው የሚንፎለፎለውን ድምፅ ሰምተው፣ ውኃ መጣ ብለው፣ ጄሪካን ይዘው ኩሽና ሲገቡ የረጠበው ሴራሚክ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ዛሬም ከአልጋ አልተነሡም።

ኤሌኒ አልጮኸችም። "ዘግቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር" ብቻ ነው ያለቻት። የቀረውን ሰፈሩ ጨረሰው፤ ሴትና ቧንቧ ምን አገናኘው ያላለ የለም። አላምረው ግን ዝም። ሱቄ መጥቶ ይቀመጣል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ ዝም።

"አያ አላምረው፣ ተናገርላት እንጂ" አልኩት አንድ ቀን።

"የሠላሳ ዓመት ስም ነው" አለኝ። "እሷ ገና ልጅ ናት፣ ይረሳላታል።"

ያን ጊዜ ጠላሁት። እኔስ? ቱቦው ከማን ሱቅ እንደወጣ የጠየቀ አልነበረምና አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚናገር ሰው ከሌለ ግን ስንት ቢያድር አይጠራም።

ባለፈው ሳምንት አባትና ልጅ ሱቄ ተገናኙ። ሐረገወይን ከስታለች። እጇን እያየች፣ "አባዬ፣ ዘግቼው ነበር አይደል?" አለችው። "ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሲጠብቅ እጄ ላይ የተሰማኝ ይመስለኛል። አይተኸኛል አይደል?"

አላምረው መሬት መሬቱን አየ። እኔም ያልተበላሸ መደርደሪያ ማስተካከል ጀመርኩ።

"እንጃ ልጄ" አላት። "ረስተሽው ይሆናል።"

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የሚያስፈራው አለማልቀሷ ነው፤ አመነችው። ከዚያ መፍቻዎቿን ከነቦርሳቸው ፊቴ አኖረች።

"ጋሼ፣ ለሚፈልግ ሰው ስጥልኝ" አለችኝ። "እኔ ሰው እጎዳለሁ።"

አላምረው አጠገቤ ነበር። ቦርሳውን ተቀበልኳት።