አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ

ባለፈው ጥር ለሁለት ቀን ስልጠና ሰመራ ሄጄ ነበር። እኔ አካባቢውን ሳውቀው ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። አሁን አስፋልት አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ፎቅ አለ፤ ነፋሱ ግን ያው ነው። በሁለተኛው ቀን ሾፌራችን ዓሊ ምሳ እንብላ ብሎ ሎጊያ ወሰደኝ። ዓሊ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ጨዋታ የሚወድ አፋር ነው። ከመኪናው እንደወረደ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተገናኘ። ተጨባብጠው እጅ ተሳሳሙና አንድ የቆመ ተሳቢ ጥላ ሥር ቁጢጥ አሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው "እ... እ..." እያለ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። እኔ የፍየል ጥብስ ሽታ እያወደኝ በረሃብ ልሞት ደርሻለሁ።

"ይቅርታ ጋሼ" አለኝ ሲመለስ፣ "ዳጉ ነው። ዳጉ አይዘለልም።"

ሊያስረዳኝ ጀምሮ ነበር፤ እንደማውቀው ነገርኩት። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይላለፉም። ያዩትን "አየሁ"፣ የሰሙትን "ሰማሁ" ብለው ለይተው ነው የሚናገሩት። ተቀባዩም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። በዳጉ የሚዋሽ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። የማውቀው አንድ ጊዜ ስለዋሸሁበት ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት ተቆጥረዋል። የምማረው ዛሬ ልጆቹ የተፈጥሮ ሀብት ምሕንድስና የሚሉትን ትምህርት ነው፤ እኛ በአጭሩ "አፈርና ውሃ" እንለው ነበር። ሦስተኛ ዓመት ስንጨርስ ለተግባር ልምምድ ተበታተንን፤ እኔ የደረሰኝ መልካ ወረር አቅራቢያ ያለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ነበር። አገሬ ደጋ ነው። እዚያ እንደደረስኩ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት አፍንጫዬ እየነሰረ፣ ማታ ማታ አንሶላ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ እየለበስኩ ነው። ጥማችንን የምናስታግሰው በሐብሐብ ነበርና እስከ ዛሬ ሐብሐብ ስቆርጥ የሚመጣብኝ የዚያ አገር ሙቀት ነው።

ሥራዬ አፈር ማጥናት ነበር። ውሃ ሊገባበት በታሰበ አዲስ መሬት ላይ በየተወሰነ ርቀት ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። እኔ እገባና ግድግዳውን እያየሁ የአፈሩን ንብርብር እጽፋለሁ፤ ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ ጨው መኖር አለመኖሩን። ናሙና በከረጢት እወስዳለሁ። ሲያልቅ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከታች የወጣው ከታች፣ ከላይ የወጣው ከላይ። በመጨረሻም ቅጹ ግርጌ "ጉድጓዱ ተሞልቷል" ከሚለው ጎን ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ።

ቆፋሪዬ ሰይድ ይባላል። ከወሎ ለጥጥ ለቀማ የወረደ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ቀጭን ግን ብርቱ ሰው ነበር። ለቀማው ሲያልቅ በቀን ሂሳብ ለእኔ ተመደበ። እኔ መጽሐፍ ገልጬ ቀለም ሳመሳክር እሱ ቁንጥር አፈር ምላሱ ላይ ጣል ያደርግና እንትፍ ይላል። "ተማሪው፣ ይሄ ጨው ነው። አትልፋ" ይለኛል። ላቦራቶሪ የሄደው ናሙና ሁሉ በኋላ እሱ ያለውን ነው ያረጋገጠው። ቂጣውን በበርበሬና በዘይት አሽቶ ይዞ ይመጣል፤ ግራር ሥር ተቀምጠን እኩል እንካፈላለን። ሥራዬን ስጨርስ ደግሞ ከላይ ሆኖ እጁን ይዘረጋልኛል፤ "በል አብሽር፣ ውጣ" ብሎ ይስበኛል። ከአሥራ ሰባት ጉድጓድ በእጁ አውጥቶኛል።

አሥራ ሰባተኛው የመጨረሻው ነበር። ሐሙስ ቀን ነው። ወደ አዋሽ የምትሄደው ፒክአፕ ቀትር ላይ ትነሳለች፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን መኪና የለም። እኔ ደግሞ አዋሽ ደርሼ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ባቡር መያዝ እፈልጋለሁ፤ ኮሌጃችን በዚያ በኩል ነው። ጓደኞቼ ቀድመውኝ ገብተው፣ እኔ ብቻ በዚያ ሐሩር የቀረሁ መስሎኛል። የመጨረሻዋን ናሙና ስቋጥር ፒክአፕዋ ጥሩምባ ነፋች። ጉድጓዱ እንዳለ ነው።

"ሳይሞላ አይሆንም ተማሪው" አለኝ ሰይድ። "የፍየል መንገድ ነው። ሰው ያልፍበታል።"

ነገ ትሞላዋለህ አልኩት። ተቆጣጣሪው በዚያ ቢያልፍ እንዳያይብኝ፣ ለጊዜው የግራር ቅርንጫፍ ጣል ጣል አድርግበት ብዬ አዘዝኩት። እሱ ቅር እያለው ቅርንጫፍ ሲጎትት እኔ የመኪናዋ ሞተር ክዳን ላይ ቅጹን ዘርግቼ "ተሞልቷል" አልኩና ፈረምኩ። ቢሮ አስረከብኩት። አካፋውንም ለግምጃ ቤት መመለስ ስላለብኝ ይዤው ሄድኩ። የሰይድ የቀን ሂሳብ በዚያው ዕለት አብቅቷል፤ ነገ በምን አካፋ፣ በማን ትእዛዝ እንደሚሞላው አላሰብኩም። አሁን ሳስበው ማሰብ አልፈለግኩም ማለት ይቀለኛል።

የዚያን ቀን ባቡር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት አልጋ ይዤ ሐዲዱን እያየሁ ዋልኩ። ባለቤቷ እትዬ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት በረሃ ኖረው አፋርኛ እንደ አፋር ይናገራሉ። ሩዝ በፍየል ሥጋ አብልተውኝ "ባቡር እንደ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል" እያሉ ያጽናኑኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥጥ የጫነ መኪና ከወረር መጣ። ከላዩ ላይ አንድ ጎልማሳ አፋር ወርዶ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከተቀመጠ ሌላ አፋር ጋር ዳጉ ያዘ። እኔ ጆሮም አልሰጠሁት። እትዬ ዘሃራ ግን ብርጭቆ ማጠባቸውን አቁመው አዳመጡ።

"ምጽ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ከነበርክበት በኩል ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ በቅርንጫፍ ተሸፍኖ ነበር ይላል። ሐሙስ ማታ ፍየል የምትከተል ሴት ገባችበት። ያገኟት ቅዳሜ ነው፤ ወገቧ ተሰብሯል። እሱ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሲነሳ ነፍሷ አልወጣም ነበር።"

የያዝኩት ሻይ ጣቴን እያቃጠለኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ማስቀመጥ ግን አልቻልኩም።

"ቆፋሪውን ይዘውታል። ሰይድ የሚባል የአገሬ ሰው ነው" ብለው ቀጠሉ። "ቢሮ ያለው ወረቀት ጉድጓዱ ተሞልቷል ስለሚል፣ እንግዲያው ሰው ሊያጠምድበት መልሶ የከፈተው እሱ ነው ተባለ። እሱ 'አልሞላሁትም' ብቻ ነው ያለው አሉ። ያረቢ!"

አፋሩ ይህን ጊዜ እኔን እያየኝ ነበር። ከዚያው አገር መምጣቴን እትዬ ዘሃራ ነግረውታል። ከዚያ የመጣ ሰው ደግሞ ዳጉ አለበት። አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እሳቸው ተረጎሙልኝ።

"አንተስ ምን አየህ ይልሃል።"

"ሰላም ነው ይበሉት። ምንም አላየሁም።"

እትዬ ዘሃራ ጫማዬን አዩት። የአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ነጭ ጨው ስፌቱ ላይ ደርቋል። ከዚያ ያልኩትን እንዳልኩት ተረጎሙለት። እሱም እንደ ወጉ ደግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀና ተቀበለኝ። ያመመኝ መቀበሉ ነው። ማታ ወይ በማግስቱ "ከዚያ የመጣ ተማሪ አግኝቼ ነበር፤ ምንም አላየሁም ብሏል" እያለ ለሚያገኘው ሁሉ እንደሚያደርስልኝ አውቃለሁ። ውሸቴ እንደ እውነት ተከብሮ ያንን መንገድ ወጥቷል ወርዷል።

እትዬ ዘሃራ ብርጭቆዬን ሊያነሱ ሲመጡ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መኪናው ከሰዓት ወደ ወረር ይመለሳል። ሾፌሩ ዘመዴ ነው። የረሳኸው ነገር ካለ ልንገርልህ?"

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ሄጄ "ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ይሞላ ያለው እሱ ነበር፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ" ማለት። ያኔ ግን "አሻጥር" የሚባል ቃል ነበር፤ በመንግሥት እርሻ ላይ ለተፈጠረ ጥፋት ሁሉ ይበቃል። ታላቅ ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥያቄ ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቴ የቀረኋት እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሰበብም ነው። ሰይድም እናት ይኖረው ነበር።

"የረሳሁት ነገር የለም" አልኳቸው።

ባቡሩ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ጉድጓዱን ሞልቼ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ በሚቀጥለው መኪና ብመጣ እንኳ እደርስበት ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ ሪፖርቴን ጻፍኩ፤ መምህራችን ስለ ጨው የጻፍኩትን ክፍል አመስግኖ ለክፍሉ አነበበው። የሰይድ ምላስ መሆኑን አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ ወደዚያ የሄደ ልጅ፣ የታሰሩት ሰዎች ተሰብስበው ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ መላካቸውን ሰምቻለሁ አለኝ። ሰማሁ ነው ያለው፤ አየሁ አላለም። ስለ ሴትየዋ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ሰው ጎሕ ሲቀድ ሲነሳ ትቷት እንደሄደው ናት፤ አልሞተችም፣ አልዳነችም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሠራሁ። ሠራተኞቼ ጉድጓድ ሳይሞላ ከመስክ የማልነቃነቅ ግትር ስለሆንኩ ይሳሳቁብኝ ነበር፤ በሌለሁበት "ጋሽ ሞልተሃል" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ከመስጊድ ደጃፍ የተቀመጡ አዛውንት ወረር ጥጥ ለቀማ ወርዶ የቀረ ሰይድ የሚባል ያውቁ እንደሆን ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ ሰይድ የሌለበት ቤት፣ ወርዶ የቀረ የሌለበት ቤት የት አለ?" አሉኝ። ያንን መሬትም ቆይቼ አየሁት። ጨው ነጭ ሆኖ ወጥቶበታል፤ አንዳንዱ ሰው የደርግ ዛፍ፣ አንዳንዱ ወያኔ የሚለው እሾሃም ዛፍ ወርሶታል፤ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ መለየት አልቻልኩም።

እንግዲህ ሎጊያ ላይ ዓሊ "ዳጉ አይዘለልም" ሲለኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ጥብሱ ቀረበ፤ አልበላልህ አለኝ። ዓሊ አሞህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"ዳጉ አለብኝ" አልኩት። "ቆይቶብኛል።"

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። እጁን ታጥቦ መጣና ስልኩን ዘግቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ። "እ... እ..." እያለ አዳመጠኝ፤ ልክ ትናንት የሆነ ነገር እንደነገርኩት ሁሉ። ጉድጓዱ ከቦዩ በየት በኩል እንደነበር ጠየቀኝ። ቅርንጫፉን ማን እንዳዘዘ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። የሴትየዋን ጎሳ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩ። አልፈረደብኝም፣ አላጽናናኝምም። ዳጉ ሥራው ያ አይደለም። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ እውነት መናገር እንኳን ለመኩራት፣ ለማልቀስም እንደማይመች ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ወደ ሰመራ ስንመለስ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆምን። አንድ ከታች፣ ወረር ካለበት ከአሚባራ በኩል የመጣ ሾፌር ዓሊን አይቶ ወረደ። እጅ ተሳስመው ጎማው ሥር ቁጢጥ አሉ። መስኮቱን ከፈትኩት። ቋንቋውን አላውቅም፤ ዓሊ ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሲናገር፣ ሰውየው "እ... እ..." ሲል ብቻ ነው የምሰማው። ከመሃል አንድ ቃል ለየሁ።

ሰይድ ነው ያለው።