የበረኛው ካርድ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ሶፋዬ ላይ ተጋድሞ በስልኩ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርድ ሲከፍት አየሁት። ጣቱን ሲያሳርፍ አንድ ፓኬት ይቀደዳል፣ መብራት ይንቦገቦጋል፣ አንድ ፈረንጅ ብቅ ይላል። «ይሄ እኮ ብርቅ ነው አክስቴ! ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው» አለኝ። ማን ብርቅ እንዳደረገው ጠየቅኩት። ጥያቄው አልገባውም። እኔ ግን ብርቅ የሚያደርግ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ እዚሁ ሆሳዕና ካርድ አምራች ነበርኩ።

የከተማችንን የካርድ ታሪክ የሚጽፍ ቢገኝ ከማስቲካ መጀመር አለበት። ያኔ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ማስቲካ ነበር፤ መጠቅለያው ውስጥ የተጫዋች ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርድ ይገኛል። ማስቲካው ጥቂት ሲታኘክ እንደ ጎማ ይደርቃል፣ ካርዱን ግን የሚንት ሽታው ቶሎ አይለቀውም። ቀጥሎ ሌላ አምራች መጣ። የእሱ ማስቲካ ለስላሳ ነው፤ ካርዱ ግን ስስና የተጫዋቹ ስም እንኳ ያልተጻፈበት ስለሆነ ልጆች ናቁት። ኋላ ክረምቱ ጠንክሮ መንገዱ ሲበላሽ ሁለቱም ከሱቅ ጠፉ፤ ገበያው ለእኔና ለክፍል ጓደኛዬ ለታምራት ተለቀቀ።

ታምራት ባለሱቆች ዕቃ ከሚጠቀልሉበት የስፖርት ጋዜጣ ላይ ተጫዋቾቹን ይቆርጥና በዱቄት ሙጫ የጫማ ካርቶን ላይ ይለጥፋል። እኔ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጀርባው ላይ ስም፣ አገርና ቁመት እጽፋለሁ። ቁመቱን ከየት እንደማመጣው የጠየቀኝ የለም። ክፍያችን ሸንኮራ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም እርሳስ ነበር። በዝናቡ ሙጫው አልደርቅ ሲለን ካርዶቹን እነታምራት ቤት ምድጃ ዳር እንደረድራቸዋለን፤ ስለዚህ የእኛ ምርት ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

የታምራት ታላቅ ወንድም ዴታሞ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የከተማው ቡድን በረኛ ነው። ነሐሴ ላይ ከዱራሜ ጋር ሲጫወቱ ኳሷ በሁለት እግሩ መሀል ሾልካ ገባችበትና ተሸነፍን። ከዚያ ወዲያ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ «እግርህን ገጠም አድርግ እንጂ!» ይለው ጀመር። ዴታሞም ልምምድ መሄዱን ተወ። ጓንቱን ለታምራት ወርውሮለት «እንካ፣ ሳማ ንቀልበት» አለው። ታምራት ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ካርድ እንሥራለት» አለኝ።

ለመታወቂያ ከተነሳው ጉርድ ፎቶ ኮፒ አስነስተን ብዙ ካርድ ሠራን። ለመጀመሪያ ጊዜም ትክክለኛ ቁመት ጻፍኩ። የሚወስድ ግን ጠፋ። ኤርሚያስ የሚባል የሰፈራችን ልጅ «ዴታሞን በየቀኑ ወፍጮ ቤት እናየው የለ? ለምን ብለን ሸንኮራ እንከፍላለን?» አለን። ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ይባላል፤ ጎል የገባበት በረኛማ ምኑ ይወራል።

አንድ ጠዋት ታምራት «ሁሉንም ቀድጃቸዋለሁ» ሲለኝ ተናድዶ መስሎኝ ነበር። ለካ አስቦበታል። አንዷን አስቀርቶ በነጻ ለኤርሚያስ ሰጠውና ሌላ እንደሌለ፣ ከእንግዲህም እንደማይሠራ አስወራ። ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅ ነው! ትናንት የናቁት ልጆች ዴታሞን ፍለጋ ደጃችንን ያጣብቡት ጀመር። ኤርሚያስ በአንድ ዴታሞ ፋንታ ሦስት የአውሮፓ አጥቂዎች ቢሰጡት እምቢ አለ።

ወሬው ወፍጮ ቤት ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዴታሞ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ መጥቶ እኛ ካርድ ከምንጫወትበት ሜዳ ዳር ቆመ።

«ኤርሚያስ፣ እስቲ እኔን ስጠኝ።»

«አልሰጥም።»

«የራሴ ፎቶ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? አንድ ብቻ ናት።»

«ለእናትህ ያለ ወረፋ እፈጭላታለሁ።»

«ጋሼ ዴታሞ፣ አልሰጥም አልኩ!»

ዴታሞ ሳቀ። በማግስቱ ጓንቱን ከታምራት ተቀብሎ ልምምድ ወረደ። ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ እነሱ ቤት በቅቤ የራሰ አተካና ስንበላ እኔና ታምራት በብልሃታችን እየተያየን እንኩራራ ነበር። መንገዱ ሲደርቅ ማስቲካው ተመለሰ፤ ድርጅታችንም በዚያው ተዘጋ።

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ጊምቢቹ ሄጄ ዴታሞን አገኘሁት። ሸብቷል፤ የራሱ ወፍጮ ቤት አለው። ከድንኳኑ ወጣ ብለን ቆመን ያንን ብልሃት ነገርኩት። ምንም አልደነቀው።

«ታምራት ካርዶቹን ሲቀዳድዳቸው በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ኤርሚያስን ለምን ለመንከው?»

«እምቢ ይል እንደሆነ ላይ ብዬ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ እኮ እያለቀሰ ነበር የሚቀዳድዳቸው። አንዷን ሲያስቀር በእጀታው ጠረጋት። ታዲያ ይህን አይቼ ጓንቱን ሳማ ላይ ልተወው?»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ዴታሞን ሜዳ የመለስነው በንግድ ዘዴያችን ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ የሚበቃውን ፈላጊ ቀድሞ አግኝቷል፤ እሱም ካርዱን የሠራለት ወንድሙ ነበር።