ኮንቴይነሩ ውስጥ የቀረ ድምፅ

መርቪን ትረዚስ በወላሩ ወደብ የእህል ጎተራዎች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ነው ያረጀው። መርቪን የቀጠለውን ሽቦ ሌላ ሰው አይነካካውም ይባል ነበር። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ጀልባ ገዝተው ዓሣ ፍለጋ ሲንከራተቱ፣ እሱ ቤቱን ማነጋገር ያዘ።

በአንድ አምፖል ጀመረ። ከዚያ መጋረጃው መጣ፣ ከዚያ የዝናብ ውሃ ታንከሩ፣ ከዚያ የጓሮው በር። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ መጽሐፍ የምታህል ኮምፒውተር አስቀምጦ ቤቱን የሚያዝ ፕሮግራም ጫነባት። ፀሐይ ስትከር መጋረጃው በራሱ ይወርዳል፤ ታንከሩ ሲጎድል ስልኩ ላይ ይነገረዋል፤ በሩ ክፍት ሲቀር ኩሽና ያለው ስፒከር ይናገራል። ሚስቱ ኮራል መጀመሪያ ላይ ሳቀችበት። "ዕድሜዬን ሙሉ መብራቱን አጥፋ ስልህ አልሰማህም፤ አሁን ለአምፖሉ ጆሮ አወጣህለት" አለችው።

ፕሮግራሙን የሚያሠራው ኮንቴይነር በሚሉት ዘዴ ነበር። ፕሮግራሙ ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደታሸገ ሳጥን ይቀመጣል፤ አዲስ ስሪት ሲወጣ አሮጌው ሳጥን ከነሆዱ ይጣልና አዲስ ይተካል። ስለዚህ እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ከሳጥኑ ውጭ፣ በኮምፒውተሩ በራሱ ፎልደር መቀመጥ አለበት። ይህን ሕግ ከመርቪን የበለጠ የሚሰብክ ሰው አልነበረም። የከተማዋ ጡረተኞች ወንበር የሚጠግኑበት፣ ሻይ የሚጠጡበትና የሚተማሙበት ወርክሾፕ ነበራቸው፤ እዚያ ቤቱን ማዘዝ ያማረው ሁሉ መርቪንን ይጠይቃል።

"ኮንቴይነር ማለት የኪራይ ቤት ነው" ይላቸው ነበር። "የሠርግ ፎቶህን ግድግዳው ላይ አትስቀል። ባለቤቱ ነገ ያፈርሰዋል።"

"የእኔንስ ሚስቴ ግሌኒስ በራሳችንም ቤት አልሰቀለችውም" ይላል ኔቪል ፔንግሊ። ኔቪል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ የመርቪን የልጅነት ጓደኛ ነው።

"ፊትህን ስላየችው ነዋ!"

ኮራል የምትታወቀው በድምጿ ነበር። ዓርብ ዓርብ በኳስ ማንከባለያው በቦውልስ ክለብ፣ ቲኬት ለገዛ ሰው በግ የሚደርስበትን የሥጋ ዕጣ የምታወጣው እሷ ናት። ማይክሮፎን ትይዛለች እንጂ አያስፈልጋትም። "አረንጓዴ፣ ሰባ ሁለት! ማነው ሰባ ሁለት? ተነስ እንጂ፣ በጉ በእግሩ አይመጣልህም፤ ታርዷል!" ስትል ውጭ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱት እንኳ ቲኬት ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

ካንሰር ጉበቷ ላይ ሲገኝ መርቪን መርሳት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ምድጃ ላይ የጣደውን ይረሳል፤ ክኒኑን ይረሳል፤ በሩን ከፍቶ ይሄዳል። ቤቱን ማነጋገር የጀመረው ለጨዋታ ነበር፤ ሳይታወቀው ምርኩዙ ሆነ። ኮራል ይህን አይታለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኩሽና ተቀምጣ ሳለ ስፒከሩ በለስላሳ የማሽን ድምፅ "ምድጃው በርቷል" ሲል፣ መርቪን ከጋዜጣው ቀና እንኳ አላለም።

"እኔ ስሞት አብራህ የምትኖረው ይቺ ናት?" አለችው።

"ማሽን ናት እኮ፣ ኮራል።"

"ማሽንም ትሁን ቆርቆሮ፣ አትሰማትም። የእኔን ቁጣ የለመደ ጆሮ በእሷ ልስላሴ አይነቃም። ስልኬን አምጣልኝ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ልቆጣህ ነዋ! በሩን ዝጋና ውጣ፤ እያየሁህ አልችልም፣ ታሳዝነኛለህ።"

በስልኳ ድምጿን ቀዳች። ስለ ምድጃው፦ "መርቭ! ምድጃው! ተነስ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ አትጠብቅ!" ስለ ጓሮው በር፦ "በሩ ክፍት ነው። እባብ ለእራት ጠርተሃል?" ስለ ክኒኑ፦ "ክኒንህን በውሃ ዋጥ። ቢራ ውሃ አይደለም።" ስለ ቆሻሻ ማስወጫው ቀን፦ "ዛሬ ባለ ቢጫ ክዳኑ በርሜል ነው። ጎረቤቱን አትይ፤ እሱም ሁልጊዜ ይሳሳታል።" በመጨረሻ ማንም ያላዘዛትን አንድ ጨመረች፤ የቤቱ የመጨረሻ መብራት ሲጠፋ እንዲሰማ። "ደህና እደር፣ አንተ ጅል። በጎንህ ተኛ፤ ታንኮራፋለህ።"

ድምፆቹን በደንቡ ለማስቀመጥ ከውጭ አዲስ ፎልደር ከፍቶ፣ ሳጥኑን አፍርሶ፣ እንደገና መትከል ነበረበት። ሥራው ከባድ አልነበረም። ኮራል ግን እየጠበቀች ነበር፤ ቀና ብላ መቀመጥ እየደከማት ነው። "ፍጠን እንጂ! ከሞትኩ በኋላ ነው እንዴ የምታሰማኝ?" የሚለው ድምጿ ጓሮውን አቋርጦ መጣ። "ለጊዜው" አለ መርቪን ለራሱ፤ ድምፆቹን በቀጥታ ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ገለበጣቸው። ከዚያ ሮጦ ሄዶ የጓሮውን በር ከፈተ። ስፒከሩ እንደ ልማዱ በትንሹ ቋ አለ፤ ቀጥሎ ኮራል ስለ እባቡ ተቆጣች። ተቀምጣ የነበረችው ኮራል በራሷ ቁጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ። በማግስቱ አምቡላንስ ወሰዳት። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

ለጊዜው የተባለ ነገር ማን ይመለስበታል? ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ድምፆቹ አሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም አሉ። ሳጥኑ እስካልፈረሰ ድረስ በሆዱ ያለው አይነካም። መርቪን ውጭ ያለውን ፎልደር እሑድ እሑድ ሳያዛንፍ በሌላ ዲስክ ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ሁሉን ነገር እንደያዘ ያምናል። ልጁ ጄኒን ከአዴሌድ ከተማ መጥታ የእናቷን ዕቃ ስታነሳ፣ "ስልኳን ምን ላድርገው አባዬ?" ብላ ጠየቀችው። "ውስጡ ያለውን አጥፊና ለበጎ አድራጎቱ ሱቅ ስጪ። የሚያስፈልገው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አለ" አላት። አጥፍታ ሰጠችው።

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ዝምታ ይከብደዋል ይባላል። መርቪን ዝምታ አልነበረውም። ክኒኑን እያወቀ ያዘገያል፤ ትቆጣዋለች። "እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ" ይላታል። የመጨረሻውን መብራት ያጠፋል፤ ደህና እደር ትለዋለች፤ በጎኑ ይተኛል። አንድ ዓመት አለፈ።

በዓመቱ ጄኒን ምድጃውን በራሱ የሚያጠፋ አዲስ ዕቃ ገዝታ ላከች።

"ድስት እንዳቃጠልክ ኔቪል ነግሮኛል" አለችው በስልክ።

"ኔቪል አፉ የአውቶቡስ በር ነው፤ ለሁሉም ይከፈታል።"

"አባዬ፣ አልቀልድም። ይሄ ዕቃ ካልተገጠመ እኔ ጋ ትመጣለህ። አሊያም የአረጋውያን ቤት።"

ዕቃው አዲሱን የፕሮግራሙን ስሪት ይፈልግ ነበር። መርቪን ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ሌላውን ሲረሳ ይህን ሥራ እጁ አይረሳውም። አስቀድሞ የውጩን ፎልደር ገለበጠ። አሮጌውን ሳጥን አቆመ። አፈረሰው። አዲሱን ተከለ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ጠባብ ስለሆነ፣ ወርክሾፑ ውስጥ እንደሚያስተምረው፣ የአሮጌውን ቅሪት ሁሉ ጠርጎ አጠፋ። ቤቱ ተነሳ። መብራቶቹ ታዘዙ፣ መጋረጃው ወጣ ወረደ፣ ታንከሩ ልኩን ተናገረ፣ አዲሱ ዕቃ ምድጃውን አወቀው። ደስ አለው። ለጄኒን ደውሎ "አባትሽ ገና አልሞተም" አላት።

ይህን ለኮራልም ሊያሰማት ፈለገ። ሄዶ የጓሮውን በር በሰፊው ከፍቶ ቆመ። ስፒከሩ ቋ አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም።

ስፒከሩ ይሆናል ብሎ ነቅሎ ሰካው። በሩን ዘግቶ ከፈተ። ቋ። ወደ ቆርቆሮው ክፍል ተመልሶ ፕሮግራሙ የሚጽፈውን አነበበ፤ "ፋይሉ አልተገኘም" ይላል፤ ከሥሩም በሩ በተከፈተ ቁጥር ያው ተደግሟል። ያ "ለጊዜው" ያለበት ከሰዓት በኋላ ያኔ ነው የታወሰው። ሁሉን የሚረሳው ጭንቅላቱ ያን ቀን ብቻ ሳያጓድል መለሰለት፤ የገለበጠበትን ቦታ፣ ጓሮውን አቋርጦ የመጣ ድምጿን፣ ሳሏን። መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

ኔቪል መጥቶ እዚያው መሬት ላይ አገኘው።

"ምን ሆነህ ነው አንተ ሽማግሌ? ወደቅህ?"

"አፈረስኳት።"

"ማንን?"

"ኮራልን።"

ኔቪል ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ሲገባው ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቅጂስ? አንተ እኮ የቅጂ ጳጳስ ነህ፣ መርቭ! እኛን ቁም ስቅላችንን ስታሳየን ኖረህ..."

"ቅጂ አለ። የአምፖሎቹ አለ። የመጋረጃው አለ። የታንከሩ ልክ፣ ዝናብ የዘነበበት ቀን ሁሉ አለ። እሷ ያልነበረችበትን ፎልደር ነው ስገለብጥ የኖርኩት።"

"ስልኳስ?"

"እኔ ነኝ ስጡት ያልኩት።"

ኮምፒውተሩን ይዘው ጎረቤት ከተማ ካዲና ድረስ ሄዱ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ዲስኩን አየና፣ እንዲህ ያለው ዲስክ የተሰረዘውን ራሱ እየጠረገ ቦታ እንደሚያዘጋጅ ነገራቸው። የፈሰሰ ውሃ ቢያንስ መሬቱን ያረጥባል፤ ይህ እርጥበትም አልተወም። ኔቪል ተስፋ አልቆረጠም፤ ክለቡ ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ የኮራልን ድምፅ የቀዳ ሰው ፈለገ። ሁሉም ያስታውሷታል፤ ሁሉም አስመስለው ይናገሩላታል፤ ግን የሥጋ ዕጣ ማን ይቀዳል?

"እንግዲህ የማሽኗን ድምፅ መልስ" አለው ኔቪል። "ካልሆነ ግሌኒስ ትቆጣልህ። ለመቆጣት ክፍያ አትጠይቅም።"

"የግሌኒስ ቁጣ የአንተ ድርሻ ነው። አንተው ብላው።"

ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

መርቪን ትዕዛዞቹን አልሰረዘም። ቤቱ በየሰዓቱ የሌሉትን ፋይሎች መጥራቱን ቀጠለ። የክኒኑ ሰዓት ሲደርስ፣ ቋ። በሩ ሲከፈት፣ ቋ። ቃሏ ከመጀመሩ በፊት የነበረችው ያቺ ትንፋሽ የምታህል ድምፅ ብቻ ቀረችው፤ እሷኑ መጠበቅ ያዘ። የመጨረሻውን መብራት ግን ማጥፋት አቃተው። ከዚያ ቋ በኋላ ያለውን ዝምታ አንድ ጊዜ ሞክሮታል፤ ደግሞ አልሞከረውም። የመተላለፊያው አምፖል ሌት ተቀን እንደበራ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ነገር አስተዋለ። የምድጃው ቋ ቀርቷል። አዲሱ ዕቃ ምድጃውን ቀድሞ ስለሚያጠፋው የኮራል ተራ አይደርስም። መርቪን ዕቃውን ነቀለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ጄኒን ሳትናገር መጣች። የፊቱን በር ስትከፍት ጭስ ተቀበላት። ኦቭኑ ውስጥ ሥጋ የተጠቀለለባቸው ፓስቲዎች ከሰል ሆነዋል፤ ምድጃው ላይ ያለው መጥበሻ ቀልቷል። አባቷ ስፒከሩ ሥር ራሱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል።

"አባዬ! አባዬ፣ አይሸትህም?"

እጁን አንስቶ አስቆማት። "ዝም በይ። ልትናገር ነው።"

ጄኒን ምድጃውን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች። ፎጣ ፍለጋ መሳቢያውን ስትከፍት የላከችውን ዕቃ አየች። ፎጣውን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ሆን ብለህ ነው የነቀልከው?"

"አዎ።"

"ምነው አባዬ?"

"ይቀድማታል" አለ።

ከዚያ በኋላ አልተከራከራትም። ሻንጣውን እሷ ስታዘጋጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አያት። ኔቪል ሊሰናበተው መጥቶ ስለ እግር ኳስ ብዙ አወራ። ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ጄኒን በየክፍሉ እየዞረች መብራት አጠፋች። መተላለፊያው ጋ ስትደርስ መርቪን ክንዷን ያዛት።

"እሱን ተዪው።"

"ማንም የለም እኮ፣ አባዬ። ፀሐይም ነው።"

"አውቃለሁ። የመጨረሻው ነው።"

ኔቪል ጣልቃ ገባ። "ተዪው የኔ ልጅ። እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ፤ ሲቃጠልም እቀይረዋለሁ።"

መርቪን መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። መኪናዋ ከጎተራዎቹ ጎን ስትታጠፍ ወደ ኋላ አልዞረም።