አባባ ከድር ያስጻፉኝ የዓሣ ቦታዎች

ጁባ ታውን ውስጥ ከምሠራበት የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አንዲት ሴት ጠዋት ጠዋት ከነጭ ዓባይ የወጣ ዓሣ ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ "ሰመክ ክዌስ፣ ያ ኡክቲ!"፣ ጥሩ ዓሣ ነው እህቴ፣ ብላ አንዱን ትልቅ ዓሣ አፍንጫዬ ሥር አነሳችልኝ። ጥሬ ዓሣና እርጥብ ሣር ሸተተኝ። መግዛቱንም መሄዱንም ትቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አባባ ከድር ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሽታው ግን ባሌ፣ ዲንሾ ወሰደኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸኋቸው ሰው ዘንድ።

አባቴ የዲንሾ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ አባባ ከድር ደግሞ የአጥር ጎረቤታችን። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። እዚያ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ አለ። ድሮ ፈረንጆች አምጥተው የለቀቁት ነው ይባላል። ያንን ለማጥመድ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። አንዱ እንግዳ የተወላቸው፣ ክሩ በመዘውር የሚጠቀለል የማጥመጃ ዘንግ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ወንዝ ሲወርዱ አንድ ልጃቸው ጀማል አብሯቸው ይሄዳል።

ዘመኑ ወጣት ከገበያ የሚታፈስበት ነበር። ጀማል አንድ ቀን ጨው ሊገዛ ሮቤ ወርዶ በዚያው ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ። ደብዳቤ አልመጣም። እንግዶቹም መምጣት አቆሙ። ዓመት ሳይሞላ የአባባ ከድር ዓይኖች በሞራ መሸፈን ጀመሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃችን ቆሙ።

"መምህር፣ ይህችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አውሱኝ። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የማስጽፋት ነገር አለ።"

"ምንድን ነው እሱ?" አለ አባቴ።

"የዓሣውን ቦታ ነዋ። ጀማል ሲመለስ እኔ ካላየሁ ማን ያሳየዋል?"

አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከሣጥኑ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት አዲስ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በጉም ውስጥ ወንዝ ለወንዝ እንሄዳለን። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው። አንድ ቦታ ሲደርሱ ይቆሙና የውሃውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ "ጻፊ" ይላሉ። "ከዳንካ ድልድይ ወደ ላይ ሂድ። ኮሶው ዛፍ ጋ ጫማህን አውልቅ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ዓሣው ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት ነው የሚያዞረው፣ አንተ ከኋላው ና። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ።" እጽፋለሁ። "ሲደክምህ ከማዶ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ። ከሰዓት ፀሐይ ስለሚያገኘው ይሞቃል። ቂጣህን እዚያ ብላ።"

"ይሄም ይጻፍ አባባ?"

"ይጻፍ እንጂ። እሱ መብላት ይረሳል።"

ዳንካን ጨረስን፣ ወይብን ጨረስን። የቀረው የሻያ ወንዝ ነበር። እዚያ በፈረስ ሄድን። በዚያን ጊዜ አባባ ከድር ከብርሃንና ከጨለማ በቀር የሚለዩት ነገር አልነበረም፤ ግን ከፈረሱ ወርደው በበትር እየዳበሱ ከአንድ ጥቁር አለት አደረሱኝ። እጃቸውን አለቱ ላይ አሳርፈው፣ "እዚህ ፈረንጅም አምጥቼ አላውቅም" አሉ። "ጀማልን ጢም ስታበቅል አሳይሃለሁ ብዬው ነበር። ትልልቆቹ እዚህ ናቸው።"

መናገር ሲጀምሩ በረዶው ወረደ። እሳቸው ብዙ ተናገሩ፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደብተሩን ከጋቢው ሥር ደብቄ እንቀጠቀጣለሁ። ጣቶቼ እርሳሱን መያዝ አቃታቸው። የምመኘው ቤት መግባት ብቻ ነበር።

"ጻፍሽ?" አሉኝ።

"ጽፌያለሁ።"

አንድም ፊደል አልጻፍኩም ነበር።

ያ ብርድ ደረታቸው ላይ ቀረ። በሳምንቱ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ባለቤታቸው እማማ ሞሚና ጠርተውኝ ስገባ፣ ክፍሉ የጭስና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ሞልቶታል። ደብተሩ ደረታቸው ላይ ነበር።

"የሻያው አለ አይደል፣ ልጄ?"

"አለ፣ አባባ።"

"እንግዲያስ ጀማል ይምጣ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በማግስቱ እውነቱን ነግሬያቸው እንደገና እንዲያስጽፉኝ አስቤ ነበር። በማግስቱ ቀበሯቸው።

ጀማል የመጣው መንግሥት ሲወድቅ፣ ወታደሩ በየመንገዱ ሲበተን ነው። ግራ እጁ አይታጠፍም። እናቱ ደብተሩን ሰጥተውት፣ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ሲጨርስ አጥር ዘሎ እኛ ቤት መጣ።

"የሻያው የታል?"

እናቴ ፊት፣ አባቴ ፊት፣ የሆነውን ነገርኩት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ቀስ ብሎ አጠፈና "ነይ አሳዪኝ" አለ።

ሦስት ቀን ተመላለስን። ጥቁር አለት ሞልቷል። አንዱን አለት "ይሄ ነው" እለዋለሁ፤ ገብቶ እስከ ደረቱ ይቆማል፤ ምንም የለም። ሌላውን "ይሄ ይመስለኛል" እለዋለሁ። ያሉትን ለማስታወስ ጭንቅላቴን በድንጋይ ብመታው ደስ ባለኝ፤ የሚመጣልኝ የበረዶው ድምፅ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጀማል ጭቃው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ጮኸ። "አባቴ! የቱ ጋ ነው? አባቴ፣ የቱ ጋ ነው?" እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወደ ጁባ ከመምጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ዲንሾ ሄጄ ነበር። ጀማል ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶችን የሚመራው አሁን እሱ ነው። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ይይዛል፤ ግን ማውጣት አያስፈልገውም፣ በቃሉ ያውቀዋል። ከእንግዶቹ ጋር ሻያ ድረስ ተከተልኳቸው። ወንዙ ወደ ገደሉ ከሚታጠፍበት ሲደርስ ጀማል ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ላይ እያመለከተ እዚያስ ዓሣ የለም ወይ ብሎ ጠየቀው።

"አለ" አለ ጀማል። "ከዚህ በላይ ያለውን ግን የሚያውቀው አባቴ ነው።"

እንግዶቹ ነገሩ ሳይገባቸው ተመለሱ። እኛ ሁለታችን ጥቂት ቆየን።