ምድር ቤት የቀረው ተማሪ

ከተማው በከባድ መሣሪያ መደብደብ ከጀመረ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የመጣን ተማሪዎች የምንውለው ማደሪያችን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ነጭ ጋዋኑን ካፖርቱ ላይ ደርቦ የሕክምና መጽሐፉን በእርሳስ ያሰምራል፤ ትምህርት ከቆመ ግን ሁለት ወር አልፎታል። እናቱ ስትደውል ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ፈተና ላይ ነኝ እማዬ። ይሄ ድምፅማ ጎረቤት ቤት ሲያፈርሱ ነው።»

የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያወጣን ሲመጣ እጁን ይዤ ጎተትኩት።

«ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር ብሎ ነው የሸኘኝ፤ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?» አለና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ማደሪያው መመታቱን የሰማሁት ድንበሩን እንደተሻገርን ነው። ለእናቱ እንዳልደውል ስልኳ የለኝም። እኛም «ዶክተር» እያልን ስንጠራው ከረምን እንጂ ስሙን ማንም አልጠየቀውም።